ግዳዩ የማን ነው

(ባሌ ደጋ ላይ፣ ዝናብ ባረበበበት ማለዳ፤ ለውጭ አገር አዳኞች መንገድ የሚመራው ንጋቱ ጠመንጃውን አንግቶ ሊወጣ ሲል ሚስቱ አስረበብ በሩ ላይ ቆማበታለች።)

አስረበብ፦ በዚህ ጉልበትህ፣ በዚህ ዝናብ አትወጣም ብያለሁ። ከነገሩ ጦም እደሩ።

ንጋቱ፦ አሳልፊኝ እስቲ። ትናንት ያቆሰልነው አጋዘን ቁጥቋጦው ውስጥ እንደገባ አድሯል።

አስረበብ፦ ያቆሰልነው? አንተ ደግሞ መቼ ተኮስክ?

ንጋቱ፦ የተኮሰውስ ሚስተሩ ነው፤ ሆዱን መታው። አጋዘኑ ፊት ድረስ መርቼ ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ።

አስረበብ፦ እንግዲያው የተኮሰው ሄዶ ይፈልገው።

ንጋቱ፦ እሱማ ብርድ መታኝ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አንተ ጨርሰውና ጭንቅላቱን አምጣልኝ ነው የሚለው።

አስረበብ፦ አንተ ገድለህ እሱ ገዳይ ሊባል?

ንጋቱ፦ ያገሩስ ደንብ ምን ይላል? ግዳይ ቀድሞ ደም ላፈሰሰ ነው።

አስረበብ፦ ደንቡን ለኔ አትንገረኝ። አባቴ ጎሽ ገድሎ በገባ ጊዜ፣ የገዳይ ሚስት ናት ተብሎ እናቴ ምንጭ ላይ ከሴቱ ሁሉ ቀድማ ትቀዳ ነበር። እሱ ግን ያቆሰለውን ለሌላ ጥሎ አልተኛም፤ እስኪያገኘው ቤቱ አልገባም።

ንጋቱ፦ ታዲያ እኔስ ምን አልኩሽ?

አስረበብ፦ ቀድሞ ነገር አጋዘኑ ምን አደረገ? ሰው አልወጋ፣ ገብስ አልበላ።

ንጋቱ፦ ያረጀ ወንድ ነው፤ ከመንጋው ተገፍቶ ብቻውን የሚሄድ። ሕጉ የሚፈቅደው እንዲህ ያለውን ነው።

አስረበብ፦ አርጅቶ ብቻውን የሚሄድማ እኔም ቤት አለ። ላንተም ፈቃድ እንዳያወጡብህ።

ንጋቱ፦ ቀልጂ። የአደኑ ገቢ ባይኖር ዘበኛ የለም፤ ዘበኛ ባይኖር ጫካው ይኸኔ ታርሶ አልቋል።

አስረበብ፦ ሲባል እሰማለሁ። ላም አለኝ በሰማይ።

ንጋቱ፦ ውሸት እኮ አይደለም። እውነት መሆኑ ነው ያደከመኝ። ውሸት ቢሆን ድሮ ትቼው እገላገል ነበር።

አስረበብ፦ ሌሊቱንማ ስትገላበጥ ነው ያደርከው።

ንጋቱ፦ አጋዘኑ ሲመታ ዞሮ አየኝ። ሚስተሩን አይደለም፣ እኔን። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ጅብ በዚያ በኩል ሲጮህ ሰማሁ። በሕይወት እያለ ነው የሚጀምሩት አስረበብ።

አስረበብ፦ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ብታገኘውስ?

ንጋቱ፦ በአንድ ጥይት እገላግለዋለሁ።

አስረበብ፦ ጭንቅላቱስ?

ንጋቱ፦ በዚህ ቢላ ስንቱን ቆርጫለሁ። ዛሬ እጄ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም።

አስረበብ፦ ባዶ እጅህን ብትመለስ ከሥራው ያባርሩሃል።

ንጋቱ፦ ያባርሩኝ። ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እኔ ትቼው ብመጣ ሚስተሩ ሌላ ሰው ልኮ ያስቆርጠዋል፤ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎ እንግዳ ሊያሳይበት።

አስረበብ፦ ጠመንጃውን አንተ ያዝ፣ ዶማውን እኔ እይዛለሁ። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርገን እንቆፍርለት፤ ከጅቡም ከሳሎኑም ይረፍ።