የኦይቫ የግራ ቦት ጫማ

ሲርካዬ፣ ነይ እዚህ ከጎኔ ተቀመጪ። ጥላው እዚህ ይሻላል… ቢንቢውም ዘንድሮ በዝቷል፣ አየሽ? ሰው አይመርጥም፣ ትልቅ ትንሽ አይል፤ ሁሉንም እኩል ነው የሚያስታውሰው። በዚህ በዚህስ ከአንዳንዱ ይሻላል። ሾርባው እንዴት ነው? ዓሣውን ኦይቫ ነው ከሐይቁ ያወጣው። በዚያ ጀርባው መረብ መሳብ አይከብደውም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ይከብደዋል እንጂ! ግን “እንግዳ እየመጣ የሱቅ ዓሣ አናበላም” አለ። ምን አንሶታል፣ ጨው? አይ ጨው… ለራሱ ሲል ይጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው… ተይው እቴ፣ ድንጋይማ ዛሬ ተመርቆ የለ!

ድንጋዩ ግን አያምርም? “የዓለም የመኪና ውድድር ሻምፒዮን” ተብሎ፣ ስማቸው በወርቅ ቀለም ተጽፎ። ወንዶቹ እኮ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ እንትከለው ብለው ነበር። ኦይቫ ነው “የለም፣ መታጠፊያው ላይ ይሁን፣ ከቦዩ አፋፍ። ሰውየው ቦታዋን ሲያያት ትዝ ይለዋል” ያላቸው። የዋህ አይደል ባሌ? ይሄው አየኋት እኮ ስትታይ… ሻምፒዮኑ ፎቶ ተነሱባት፣ ፈገግ አሉ፣ ጭቃ ጫማቸውን እንዳይነካው ከቦዩ ፈንጠር አሉ።

ኧረ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አትዪ! ጥቁር መነጽር ያደረገ ሁሉ አያይም ያለሽ ማነው? እኔ እንደሆነ የማንንም ስም አልጠራሁም። ስለ ድንጋይ ነው የማወራው።

ንግግሩንስ ሰማሽው? እኔ አፌን ከፍቼ ነው ያዳመጥኩት። እኛ መንደር ሰው ለሠርጉ እንኳ ከ“አዎ” ሌላ ቃል አያወጣም፤ የእሳቸው ግን እንደ ምንጭ ተንፎለፎለ። “ማንም አልረዳኝም፤ እኔ፣ መሪዬና ይህ ጫካ ብቻ ነበርን” አሉ። እንዴት ያለ ትሕትና ነው? ጫካውን እንኳ አልረሱትም! እኛም ያኔ ጫካው ውስጥ ነበርን… ከዛፎቹ ጋር ቆጥረውን ይሆናል። “በሕይወቴ ከመንገድ ወጥቼ አላውቅም” ሲሉማ ጨብጨብ አደረግኩ። እውነታቸውን ነው። መቼ ወጡ? መንገዱ ነው ጥሏቸው የሄደ።

ያን ዕለት ታስታውሺዋለሽ አይደል? ያኔ ገና “አንተ” የምንለው ጎረምሳ ነበር፤ ከአባቱ ጋጣ ጀርባ አሮጌ መኪና እየነዳ ዶሮ የሚጨርስብን። የመጀመሪያ ትልቅ ውድድሩ ነበር። ጉብታዋን ዘሎ ሲያርፍ መታጠፊያው ቀደመው፤ መኪናዋ ቦዩ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ጎማዋ በአየር ይሽከረከራል። ማን ጠራን? ማንም። ቋሊማችንን በየሣሩ ጥለን ሮጥን። የአገሩ ወግ አይደል፤ የወደቀ መኪና ካየህ ታነሳለህ፣ የማን ነው ብለህ አትጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል… መኪና ግን ተገላቢጦሽ ነው እህቴ። ለሃያ ሰው ሸክሙ፣ ለአንድ ሰው ጌጡ።

ኦይቫ የኋላውን ያዘ፣ ጭቃው የባሰበትን። ብድግ ሲያደርጉ ጀርባው ቋ! ሲል ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አለቀቀም ግን። መኪናዋ መንገድ ላይ ስትወጣ ልጁ በመስኮት ብቅ ብሎ “ኦይቫ፣ ቅዳሜ ሳውና እመጣለሁ!” ብሎ ጮኸና ነዳው። መቼም ሌላ ምስጋና እኛ አናውቅም፤ ከቦይ የወጣ ካወጣው ሰው ጋር ሳውና ገብቶ በእንፋሎቱ ጭቃውን አብሮ ይታጠባል፣ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ያልቃል። ብቻ ምን ይሆናል፣ የኦይቫ የግራ ቦት ጫማ ከፓራውልቱ ሥር ተሰንቅራ አብራ በረረች! በማግስቱ ጋዜጣው ላይ አላየሻትም? ዋንጫ፣ አበባ፣ ሻምፓኝ… ከኋላ ደግሞ የባሌ ቦት። በምን ያህል አሸነፈ? በዓይን ጥቅሻ። ትንሽ ዘግይተን ብናነሳው ኖሮ… ተይው። ከእኛ ቤትም አንዲት ሻምፒዮን ወጥታለች፤ እግር ባይኖራትም።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዘው! የሞንቴ ካርሎ በረዶ፣ የኬንያ አቧራ፣ የአርጀንቲና ወንዝ… ሁሉን አሸነፈ። አሸነፉ ልበል እንጂ፣ አፌ ለምዶበት ነው። የዓለምን መታጠፊያ ሁሉ በቃላቸው ያውቃሉ ይባላል፤ ግራው፣ ቀኙ፣ ጠባቡ፣ ሰፊው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለማን ተሰጠ? ወደ እኛ ግቢ የምታስገባዋ አንዷ ብቻ ነች የጠፋቻቸው። ጥፋቱም የእሷ ነው፤ ከፖስታ ሣጥን በቀር ምን ምልክት አላት? ፍጥነታቸውስ ቢሆን? “አመሰግናለሁ” የሚለው ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ እሳቸው ሌላ አገር ናቸው።

የእኔው ሞኝ ደግሞ ይሄው እስከ ዛሬ፣ ቅዳሜ ሲሆን ከሳውናው ላይኛ መደብ ጥጉን ይለቃል። “ኦይቫ፣ ሰውየው እኮ ትልቅ ሰው ሆኗል” እለዋለሁ። “ትልቅ ሰውም ያልበዋል” ይለኛል። የቀኝ ቦቱን እንኳ ጣል ብለው እምቢ አለ! የሳውናው በር ላይ ቆማ ጓደኛዋን ትጠብቃለች። አምና ድመቷ ወለደችባት።

ሳቂ፣ ሳቂ! እኔም እስቃለሁ። አንዳንዴ ግን እንጨት ታቅፎ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያቃስት በመስኮት አየዋለሁ። ያናድደኛል፣ ሲርካ። ሐኪሙ ዘንድሮ እንጨት እንዳትነካ ብሎታል። እሱ ግን ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እያነደደ ነው፤ እዚህ ያላየሽውም ለዚያ ነው። “አንቺ ሂጂ፣ እኔ እሳቱን ልጠብቅ፤ እስከ መንደሩ ድረስ መጥቶማ ዛሬ አይቀርም” አለኝ። ሳውና ውስጥ ገላ የሚመቱበትን የበርች ቅጠል እንኳ ለሁለት ሰው ነው ያሰረው። ጢሱ ይታይሻል፣ ከዛፎቹ በላይ? ለማንም ይታያል እኮ… መነጽር ላደረገም ይታያል።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ምን ላድርግ፣ ነገር በምሳሌ፣ ሾርባ በጭልፋ ነው። እኔ ጭልፋውን ትንሽ አማሰልኩ እንጂ ምን አልኩ?

ምነው ተነሱ? ሾርባቸውን ሳይጨርሱ! ትኩስ ሆኖባቸው ይሆናል… አካሄዳቸውን እዪልኝ እስቲ፣ ዛሬም ሸንቃጣ ናቸው! ጀርባቸው እንደ ጥድ ቀጥ ያለ። ከሸክም የተጠበቀ ጀርባ እንዲህ ያምራል። መኪናቸው ውስጥ ገቡ… አስነሱ… መገንጠያው ላይ ደረሱ። ሲርካ! ቆሙ እኮ! በቀኝ ከታጠፉ ወደ እኛ ነው፣ ሌላ ቤት የለም። እጄን ያዢኝማ… ዝም በዪ፣ አትተንፍሺ…

አይ። ትራክተር እስኪያልፍ ነው ለካ የቆሙት። ፍሬቻ አበሩ… ግራ። ወደ ዩቫስኩላ ከተማ።

ጨዋ ነጂ! ፍሬቻ ሳያሳዩ የማይታጠፉ። ኦይቫን “ቸኩሎ ነው እንጂ ሰላም ብሎሃል” እለዋለሁ። እሱም “እንግዲያ ለሚቀጥለው ቅዳሜ” ይለኛል፤ ከአፉ ሳይወጣ አውቀዋለሁ። መስኮታቸው ክፍት ነው አይደል? ትራክተሩም ገና አላለፈላቸውም… በዪ እንግዲህ፣ መንገደኛ ሳይመረቅ አይሸኝም።

እግዜር መንገዱን ያቅናላቸው! ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው፣ ጀርባቸውን እንደ ቀና ያቆይላቸው። እንደው አንድ ቀን፣ አይበለውና፣ ጭር ባለ ጫካ ከቦይ ቢገቡ እንኳ… አንድዬ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ሰው በዚያ መንገድ ያምጣላቸው። አሜን በዪ እንጂ፣ ሲርካዬ።