በአሸዋ የተዋጠው ከተማና የሕንፃችን ምርጫ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ እታገኝ ተስፋሁን
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ ፓርኪንግ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2014

ጎረቤቴ ጋሼ ፉርሎንግ የዳሌ ኦፕራሲዮናቸው ድኖላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዎከር ተደግፈው መሄድ ጀምረዋል። ልጃቸውም ግሌንዴል ከተማ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ይህን የምናገረው እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ምርጫው ደግፌ ያወረድኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

የሕንፃችን ተከራዮች ሁለት ተወካይ ልንመርጥ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተሰብስበን ነበር። ባለቤቱ ሕንፃውን ማፍረስ ይፈልጋል፤ ተወካዮቹ ከፈረሙለት ሁላችንም ቤት ለቀን እንወጣለን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘለቀ የማናውቃቸውን ሰዎች ዌስትቼስተር ከሚባለው ሰፈር በቫን አምጥቶ፣ የባዶ አፓርትመንቶቹን ቁልፍ አስይዞ ምረጡ አላቸው። ያቀረባቸው ሁለት እጩዎችም አንድ ቀን ሕንፃችን ውስጥ አድረው አያውቁም።

ጋሼ ፉርሎንግ የአየርላንድ ሰው ናቸው። ተቀምጠው ሲናገሩ እኔ ለሰው ወደ አማርኛ መለስኩት። ባኖው የሚባል ያገራቸውን ከተማ ድሮ አሸዋ ዋጠው አሉ። ነዋሪ ጠፍቶ የቀረው አንድ የጭስ ማውጫ ነበር ይባላል። ቢሆንም ባኖው እስከ 1800 ድረስ ለአየርላንድ ፓርላማ ሁለት ሁለት ተወካይ ይልክ ነበር። የመሬቱ ጌታ የራሱን ሰዎች ሰብስቦ የፈለገውን ያስመርጣል። ፓርላማው ሲዘጋም ለቀሩት ሁለት መቀመጫዎች የተከፈለውን ካሳ የወሰደው ጌታው ነው።

አቶ ዘለቀ "ይህንን ተረት ለልጅ ልጅዎ ያቆዩለት" ብሎ ሰው አሳቀባቸው።

ሶ እኔ ተነሳሁና "የሚመርጥ ሁሉ ከቤቱ ቧንቧ ውሃ ቀድቶ ይምጣ። ውሃ የማያጠጣ ቤት ቤት አይደለም" አልኩ። የባዶዎቹን ቤቶች ውሃ የዘጋው አቶ ዘለቀ ራሱ ነው። ነዋሪው በብርጭቆ፣ በኩባያ፣ ጎረቤታችን ጸጋዬማ በድስት ይዞ መጣ። በቫን የመጡት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንዷ ቁልፉን ለአቶ ዘለቀ መልሳ "እኔ እንኳ ምሳ አለ ብለኸኝ ነው" አለችው። እኔ ማንንም አልነካሁም፣ በርም አልዘጋሁም። አቶ ዘለቀ ግን ምርጫ አወከች ብሎ ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ እስኪደርስ ሰው ውሃውን ከፍ እያደረገ ጋሼ ፉርሎንግንና እኔን መረጠ። ለማፍረሱ አንፈርምም።

ዛሬ ቃሌን ልሰጥ ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ ልመጣ ስል ጎረቤቴ ለተማርያም ብቅ ብላ "ፓርላማ ገባሽ አሉ፤ አንገትሽን ቀና አድርጊ" አለችኝ። ቀጥሎ አቶ ዘለቀ መጣ። ሊፍቱ ስለተበላሸ በደረጃ ወጥቶ ላብ በላብ ሆኗል። ክሱን ትቼዋለሁ አለኝ። ከዚያ ላቡን እየጠረገ "እትዬ እታገኝ፣ ውሃ ይኖራል?" አለ። "ቤት አይደል?" አልኩና ቀድቼ ሰጠሁት።

ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትና ያደረግሁት ይኸው ነው፤ እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ እታገኝ ተስፋሁን
ቃሉን የተቀበለው፦ ኦፊሰር ኢዮኤል ግርማ