ፈቃድ ያላቸው መምህር

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የተማረ ይግደለኝ» ማለት ያዘወትሩ ነበር። እኔም ከአራተኛ ክፍል ስላላለፍኩ የተማረ ሰው ሳከብር ኖሬያለሁ... ይቀመጡ እንጂ እትዬ ሙሉነሽ። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከዚህ ዳገቱ መቼም ለጠላት ነው። ፍሬምዎ ደርሷል፤ መስታወቱን ልወልውልዎትና ይወስዱታል።

እንዴት ያለ ወረቀት ነው እቴ! የመምህሩ የሙያ ፈቃድ... ማኅተሙ ብቻውን ያስተምራል። ለሦስተኛ ክፍል እንዲህ ያለ መምህር ማግኘት ለእርስዎም ለርእሰ መምህርቷ መታደል ነው። መስታወት ደግሞ ደግ ነገር፤ አቧራ አያስገባ፣ ከውስጥም ምንም አያስወጣ።

ልጄ ጸሎት እኮ እሳቸው ዘንድ ናት። ያን ሰሞን ገምጋሚዎች የመጡ ቀን ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ አሉ፤ አንድ ልጅ ሳይቀር። ምን ዓይነት ማስተማር ነው ብዬ ብጠይቃት፣ «ያወቀ ቀኙን፣ ግራ የገባው ግራውን ያውጣ ተብለን ነው» አለችኝ። ይኼን ጥበብ ያልሠለጠነ ሰው ከየት ያመጣዋል? የእኔዋማ ግራዋን አውጥታ ውላ ክንዷ ዝሎ መጣች።

ትጋታቸውስ ቢሆን... ዛሬ ሥልጠና፣ ነገ ዐውደ ጥናት። «መምህራችሁ የት ናቸው?» ስላት፣ «ፈቃድ ላይ ናቸው» ትለኛለች። ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃድ ቢወጣ ምን ነውር አለው? ያን ጊዜ ያቺ ረዳታቸው፣ ለተኪዳን፣ ትገባላቸዋለች። ምስኪን፣ ወረቀት የላትም። ያላት ጠመኔ ነው። ከልጁ ጎን ቁጭ ብላ፣ ጣቱን ይዛ፣ ፊደል በፊደል... ባለፈው እሳቸው ሁለት ሳምንት ሲጠፉ፣ ጸሎት ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የታክሲውን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ይኸም የእሳቸው ውለታ ነው፤ ባይሄዱ ኖሮ መቼ ታነብ ነበር?

እና ሰኞ ለተኪዳንን ከክፍል አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያስገቧት ነው ሲባል ሰማሁ። መቼም መመሪያ ነው... ፈቃድ የሌላት ሰው ያስነበበችው ልጅ ንባቡም ሕገወጥ ሳይሆን አይቀርም። አባቴም ቢሆን «ይግደለኝ» ያሉት ለራሳቸው ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን አልጨመሩም።

እኔ ለመምህሩ ክፉ አልመኝም። ዛሬ ጠዋት ሥላሴ ደርሼ ጸልዬላቸዋለሁ። ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡ አንዲት የማላውቃቸው እናት፣ ለማን ነው እንዲህ የምትሰግደው ቢሉኝ፣ «የሴት ልጄ መምህር ፈቃድ አላቸው፤ ግን ጊዜ አለው፣ ያልቃል ይላሉ» አልኳቸው። የቱ ፈቃድ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁልኝ...

«እግዚአብሔር ፈቃዳቸውን ያርዝምላቸው፤ ልጅህም ደህና አድርጋ ትማርበት።»