ያልተከፈተው ደብዳቤና የልብስ ሰፊው ሜትር

ባለፈው ሐሙስ ሱሪዬን ላሳጥር እዚሁ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የአቶ ልሳነወርቅ ልብስ ስፌት ቤት ጎራ አልኩ። ስገባ አንድ የማላውቀው ሐበሻ ወጣት የመስኮቱን ወርድ በሜትር ይለካል። ሜትሩ የአቶ ልሳነወርቅ ነው፤ እሳቸው ግን ወጣቱን በጎሪጥ ያዩታል።

«ማነው?» አልኳቸው።

«ቤቱን ሊገዛ ነው አሉ። ሜትር ረሳሁ ቢለኝ እንግዳ ነው ብዬ አዋስኩት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወልደአምላክ ጉድ ሠራኝ! ልጄን ክርስትና ያነሳ አበልጄ!»

አቶ ወልደአምላክ እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት ናቸው። አቶ ልሳነወርቅ ቤቱን ከሳቸው ከተከራዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ወጣቱ ጓሮውን ሊለካ እንደወጣ ቤዛዊት ቀሚሷን ልትወስድ ገባች። የቤት ሽያጭ ውል በሚያዘጋጅ ቢሮ የምትሠራ የሠፈር ልጅ ናት። ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ያኔ ያነበብኩልዎት የኪራይ ውል፣ ሊዝዎ ላይ እኮ ባለቤቱ ለሌላ ከመሸጡ በፊት በዚያው ዋጋ ለእርስዎ ያቀርባል ይላል። አልጻፉልዎትም?»

«ጽፏል» አሉ፤ ወደ መቁረጫ ጠረጴዛው እግር ጠቆሙ። ፖስታው እንደታሸገ ታጥፎ፣ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ከእግሩ ሥር ገብቷል። «አበልጅ ለአበልጁ በሪኮማንዴ፣ አስፈርሞ ይልካል? ንቀት ነው! ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ እስኪለኝ አልከፍተውም።»

«መቼ ደረሰዎት?»

«ሃያ ስምንት ቀኑ።»

«ለመልስ የተሰጠዎት እኮ ሠላሳ ቀን ነው!»

«መብቴ ተጽፏል፤ ባንኩም ለቤት መግዣ የጠየቅኩትን ብድር አፕሩቭ አድርጎ ፈቅዶልኛል። ታዲያ ምን አናገረኝ? ዝም አይነቅዝም።»

«እዚህ ይነቅዛል፣ ጋሼ። ቀኑ ካለፈ ቅድሚያዎ ቀረ። ደግሞ ሰውየው ሲለካ እያዩ ዝም አሉ፣ ሜትርም አዋሱት። አይፈልጉትም ብሎ አምኖ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ መብቴ ቢሉ፣ ዳኛው አይሰማዎትም። ኢስቶፐል ይሉታል፤ በቃልህ ወይም በዝምታህ ያሳመንከውን ሰው ዞረህ አትጉዳው ነው። ለእርስዎም ይጠቅማል። አቶ ወልደአምላክ እጠብቅዎታለሁ ብለው እርስዎ ያንን አምነው ወጪ ቢያወጡ፣ እሳቸውም ቃላቸውን ማጠፍ ይከብዳቸዋል።»

አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መረመሯት። «ለመሆኑ አንቺን ማን ላከሽ? ኮሚሽን አለሽ?»

እኔ ስለሳቸው አፈርኩ። ግን ምን ላድርግ፣ እኛ ወረቀት ስናይ እንጠረጥራለን፤ ወሬ ስንሰማ እናምናለን። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ አንገታቸውን ወደኔ ነቅንቀው።

«እሺ ይጠርጥሩ» አለች ሳትቆጣ። «ግን ከፍተው ይጠርጥሩ። መልሱን በእጅዎ ይጻፉ፣ ለማያውቁኝ ጠበቃም ያሳዩ። እኔን አይመኑኝ።»

ይህ ረታቸው። ጎንበስ ብለው ፖስታውን መዘዙና በመቀስ ከፈቱት። ከታተመው ማስታወቂያ ጋር በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ነበረች፦ «አበልጄ፣ ጠበቃው በሪኮማንዴ ካልተላከ አይጸናም ብሎኝ ነው እንጂ ንቄህ አይደለም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ከባዕድ ይልቅ አንተ ብትገዛው ደስታዬ ነው።»

«ቤቱን ሊሸጥ ነው ሲሉኝ አኩርፌ፣ ሲደውል ስሙን እያየሁ ነው ስልኩን የዘጋሁበት» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አንባቢ ሆይ፣ መብት በውል መስፈሩ ብቻ አይበቃም። ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ የመለሰ ቤቱን ያገኛል፤ ቀድሞ የተናገረ ገዢውን ከከንቱ ወጪ፣ ራሱንም ከክርክር ያድናል። ስንቱ ዝምድና በአኩራፊ እጅ ታሽጎ ቀርቷል!

አቶ ልሳነወርቅ «እገዛለሁ» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቀኑንም አኖሩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ቅድሚያው የኔ ነው፤ ቤቱን እኔ ልገዛው ነው። ይህን ሳልነግርህ ሜትር ማዋስ አልነበረብኝም።»

ወጣቱ ፊቱ ተለዋወጠ። ቢሆንም «እንኳን አሁን ነገሩኝ፤ ነገ ለመሐንዲስ ልከፍል ነበር» ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ መለሰላቸው።

ሱሪዬ ያን ቀን አልተለካም። አቶ ልሳነወርቅ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሱቁን ዘጉና የጻፉትን መልስ ይዘው በመጀመሪያ ወደ ጠበቃ፣ ቀጥሎም አሌክሳንድሪያ፣ አበልጃቸው ቤት ሄዱ።