የቦዲል ቃላት በአዲሱ ላፕቶፕ

በዚያ ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌው ኤጎን ከማንም ጋር መነጋገር አላሰኛቸውም ነበር። ልጃቸው ከኮፐንሃገን የላከላቸውን አዲስ ላፕቶፕ በዓሣ ሣጥን ውስጥ አጋድመው፣ ወደ ፖስታ ቤት የሚወስዳቸውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሊመልሱት ነው። በቦርንሆልም ደሴት ዕድሜ ልካቸውን ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በጭስ ሲያደርቁ ስለኖሩ፣ እግራቸው ሥር ሁለት ድመቶች ተኮልኩለዋል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ አሥራ ሰባት ድመት ተከትሏቸው ገብቶ እስከ ቡራኬው ቆመ ይባላል፤ ድመቶቹን የቆጠረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ድንገት የጎረቤታቸው ልጅ ሲግኔ ብስክሌቷን እየገፋች ብቅ አለች። ኦርሁስ ሄዳ ኮምፒውተር የተማረች፣ ለዕረፍት የመጣች ልጅ ናት። ሣጥኑን ጎንበስ ብላ አየችና ሳቋን ዋጠች።

«አባባ ኤጎን፣ ላፕቶፑንም ሊያጨሱት ነው?»

«ቢጨስስ ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ይበላል» አሉ። «ገና ስከፍተው ማን ነህ አለኝ። ስሜን ነገርኩት። አካውንት አውጣ አለኝ። ቀጥሎ ስልክ ቁጥርህን ስጠኝ፣ ቀጥሎ የጻፍከውን ሁሉ ደመና ላይ ላስቀምጥልህ አለኝ። ልጄ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ የሚመረምረኝ እንግዳ አይቼ አላውቅም።»

ሲግኔ በትሕትና ተከራከረቻቸው። ደመና የሚሉት ሩቅ አገር ያለ የሰው ማሽን መሆኑን፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ ጽሑፍ እንደማይጠፋ፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ እንደሚኖር አስረዳች። ኤጎንም በትሕትና አዳመጡና የዓለምን ሁሉ ጎረቤትነት እንዳልጠየቁ ነገሯት።

እውነቱን ለመናገር አሮጌው ኮምፒውተራቸው ዕድሜውን ጨርሷል። ጠዋት ጠዋት የሟች ባለቤታቸው የቦዲል የአልጋ ማሞቂያ ላስቲክ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ ካልተደገፈለት አይነቃም። ሲነቃ ደግሞ ከማጓራቱ የተነሣ አንድ አገር ጎብኚ የስዊድን መርከብ ደረሰ ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወደ ወደቡ ሮጧል ይባላል። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ላስቲኩም አልፈየደም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የኬልድና የራግንሂልድ ወርቃማ ሠርግ ነው፤ ኀምሳ ዓመት በትዳር የኖሩ ባልና ሚስት በራቸው በጥድ ቅጠል ይሸለማል፣ ጎረቤት ሁሉ ጎሕ ሲቀድ ደጃቸው ቆሞ ይዘፍንላቸዋል። ዘፈኑን፣ ሁሉም በሚያውቀው ዜማ፣ ባለበዓሎቹን እያሞገሱና እያሾፉባቸው የሚገጥሙት ኤጎን ናቸው። ድሮ ከቦዲል ጋር፣ አሁን ብቻቸውን።

«ታዲያ ግጥሙን በአዲሱ የጽሑፍ ፕሮግራም ይጻፉት» አለች ሲግኔ። «የአሁኑ ከድሮው በምን ያንሳል?»

ኤጎን ድመቶቹን አዩ። «የድሮው ፕሮግራም የማያውቀው ቃል ሲገጥመው በቀይ ያሰምርበታል፤ ታውቂያለሽ። ቦዲል ደግሞ ቀይ መስመር አትወድም ነበር። እኔ ስገጥም እሷ ትጽፋለች፤ የመንደሩ ቅጽል ስም በመጣ ቁጥር ‘ይህን ልመድ’ የሚለውን ተጭና ለፕሮግራሙ ታስተምረዋለች። ኬልድን ሰዓተዓሣ እንለው የለ? ትልቅ ዓሣ የመቀስቀሻ ሰዓቱን ውጦበት፣ ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ከባሕር ውስጥ ሲደውል ሰምቻለሁ ስላለ። እሱንም አስተምራዋለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርን። ልጄ ቤት አዲሱን ፕሮግራም ሞከርኩት፤ መንደሩ በሙሉ ቀይ ተሰመረበት። ሁላችንም ስሕተት ነን አለኝ።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሾፌሩ ሣጥኑን አይቶ ዓሣ አልጭንም ሲል፣ ሲግኔ ከኤጎን ቀድማ፣ ሂድ ብላ እጇን አወዛወዘችለት።

«አባባ፣ እኔም ተሳስቻለሁ» አለች። «አዲስ ዕቃና አዲስ ልማድ ሳይነጣጠሉ የሚሸጡ ይመስለኝ ነበር። ማሽኑን ይውሰዱ፣ ደመናውን ይተዉት፤ የቦዲልንም ፕሮግራም ወደ አዲሱ ይዘውት ይግቡ።»

«እሺ ይለኛል ብለሽ ነው?»

«ከኢንተርኔት ከለየነው ማንን ይጠራል? ስልክ የማይደርስበት ቦታ የት አለዎት?»

ስልክ የማይደርስበት ቦታ አላቸው። የዓሣ ማጨሻ ቤታቸው የጡብ ግድግዳ ውፍረቱ እንደ ምሽግ ነው። ላፕቶፑን ሄሪንጉን በዘንግ በሚሰኩበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ማሽኑ መስመር ፈለገ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ወንበር እንዳልቀረበለት እንግዳ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ያለ አካውንት ቀጥል የምትል ግራጫ ጽሑፍ ወጣች። ኤጎን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ይህችን ያጻፈ ሰው ዓሣ ሻጭ ቢሆን ኖሮ ትኩሱን ከታች ደብቆ ያደረውን ከላይ ይደረድር ነበር አሉ።

የድሮው ፕሮግራም ያለው ሲዲ ላይ ነው፤ አዲሱ ላፕቶፕ ግን የሲዲ ማስገቢያ ስለሌለው ሲግኔ ማጫወቻ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ መጣች። ፕሮግራሙ ዘመንህ አልፏል ተብሎ ሲመለስ፣ ማሽኑን እንደ ድሮው ዘመን ሆነህ አስተናግደው ብላ አዘዘችው፤ ተቀበለ። የቀረው የቦዲል ቃላት ነው። እነሱ ያሉት አሮጌው ማሽን ሆድ ውስጥ ነው።

ላስቲኩን ሞሉት፤ አልነቃም። ድጋሚ ሞሉት። ኤጎን ማሽኑን በሁለት እጃቸው እንደ ታመመ በግ አቅፈው ቆዩ። ሲግኔ ሶኬቱን ነቅላ መልሳ ስትሰካው አጓራ፣ ተነሣ። ቃላቱንና ዘፈኖቹን ወደ ፍላሽ ገልብጣ ገና እንደጨረሰች አሮጌው ማሽን ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ቃላቱን ከፍላሹ ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ካስገባች በኋላ «አሁን ይሞክሩት» አለች። «ቦዲል ብቻ ልታስተምረው የምትችለውን ቃል።»

ኤጎን ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው አዞሩ። ቦዲል፣ ሰው በሌለበት፣ የምትጠራቸው ስም ነበር። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፉት። ሲግኔ ድመቶቹን ለማየት ፊቷን መለሰች። ቀዩን መስመር ጠበቁ። አልመጣም።

«ታውቀኛለች» አሉ ቀስ ብለው።

ሲግኔ ምክሯን ሰጠች። ደመና የሌለው ሰው ለራሱ ዘበኛ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ፣ አንዱ እርስዎ ዘንድ፣ አንዱ እኛ ቤት። ፕሮግራሙ ያረጀ ነውና ከማያውቁት ሰው የመጣ ነገር አይክፈቱበት፤ ዘፈን ብቻ ይጻፉበት። ኤጎን አስተማሪውን እንደሚሰማ ተማሪ እሺ እሺ አሉ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መንደሩ በጥድ ቅጠሉ ሥር ቆሞ ዘፈነ። ሰዓተዓሣ የሚለው ጋ ሲደርሱ ኬልድ በቢጃማው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ራግንሂልድ ሳቀችና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ኤጎን አዲስ ዕቃ የፈራ ሽማግሌ ሲያገኙ ወንበር ስበው ይመክራሉ፤ አዲሱን እምቢ አትበል፣ የጠየቀህን ሁሉ ደግሞ እሺ አትበል፤ አሮጌው የሚሠራልህን ከሠራ ይዘኸው ግባ ይላሉ። ማሽኔ ፈጠነ፣ ዓይኔ አረፈ፣ ቤቴም ያለ መርማሪ የራሴ ሆነ እያሉም ትርፉን ይቈጥራሉ።

ሲግኔ ወደ ኦርሁስ በምትመለስበት ቀን ሊሰናበቷት የመሸኛ ግጥም ጻፉላት። ደመናገላጭ ብለው ሰይመዋታል። ከስሟ ሥር ቀይ መስመር ተዘረጋ። ኤጎን ጥቂት አሰቡ፤ ቦዲል ካረፈች ጀምሮ አንድ ቃል አስተምረውት አያውቁም። ከዚያ ‘ይህን ልመድ’ የሚለውን ተጫኑ፤ መስመሩም ጠፋ።