ለክርስትና ሄደን በግ ተራ የቀረነው

ነይ ወዲህ፣ ጠጋ በይ ልጄ፣ ያንን ስልክሽን አስቀምጪና ጋቢው ውስጥ ግቢ፣ ታኅሣሥ ነው፣ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። ምን ነበር ያልሽው? ለገና ሁላችንንም በርካሽ አዲስ አበባ የሚያደርስ ሰው አገኘሁ ነው ያልሽው? እህ! በእኛም ጊዜ በርካሽ የሚያደርስ ሰው ያገኘ ነበር፣ ሌላ እንዳይመስልሽ፣ አያትሽ እሸቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያን ጊዜ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ የይለፍ ወረቀት አምጣ የሚል የለ፣ በየኬላው ውረድ ተፈተሽ የለ፣ እና እዚህ መንዝ የዘመሮ ሰው ሁሉ አዲስ አበባን ካላየሁ ይል ጀመር። እኔ ግን ከተማ ለማየት አልነበረም የቸኮልኩት። ታናሽ እህቴ አስካለ እዚያ አግብታ፣ ልጅ አጥታ ስንት ዘመን ስታለቅስ ኖራ፣ በስንት ስለት ሴት ልጅ ወለደች። እና ላከችብኝ፣ "እትዬ፣ ልጄን ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ፣ ሌላ ሰው አላስነካም" አለች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፣ ታውቂያለሽ፣ ሰማንያው ደግሞ ለገና ሁለት ቀን ሲቀር ዐርብ ጧት ይውላል። ቀኑ አይገፋ፣ ቄሱ አይለመን። ያቺ ጧት ካለፈችኝ የክርስትና እናትነቱ ለሌላ ሰው ነው፣ አለቀ።

ታዲያ እኔ "በአውቶቡስ እንሂድ፣ ልጆቹንም ይዘን፣ አውደ ዓመቱን እዚያው እንዋል" አልኩ። እናትሽ ሙሉ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አክስትሽ ብርቄ ስድስት፣ አንበሳ እናያለን ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። አያትሽ ሆዬ ጺሙን እያሻሸ፣ "በአውቶቡስ? አራት ሰው? ስንት ቁና ገብስ ልንሸጥ ነው? ተይው፣ እኔ አቅጄዋለሁ" አለኝ። አቅጄዋለሁ! ገብስ እንኳ ጎረቤት ሲዘራ አይቶ የሚዘራ ሰው አቀደልሽ!

"እንዴት አድርገህ አቀድከው?" አልኩት።

"ከፈለኝ በጭነት መኪናው በግ ጭኖ ሊሄድ ነው። በነጻ ይወስደናል።"

"ከፈለኝ? በነጻ? የሞተ በግ ቆዳ እንኳ በነጻ የማይሰጠው ከፈለኝ?"

"እኛ ላይ ሆነን በጎቹን እንይዝለታለን። ተኝተው እንዳይረጋገጡ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አስካለ ቤት ነዋ! አንቺ ደግሞ!"

ይሄ ከፈለኝ የሚሉት ነጋዴ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ፣ አፉ ደግሞ ማር ነው። "አያ እሸቴ፣ እትዬ በለጡ፣ የእናንተ ቤተሰብ እኮ የኔ ቤተሰብ ነው" እያለ ደግፎ አወጣን። ወጣንልሽ፣ እሱ ጋቢና ገብቶ መስኮቱን ዘጋ፣ እኛ ከሠላሳ ሁለት በግ ጋራ ከላይ። ጣርማ በር ስንደርስ ነፋሱ ዓይን አያስገልጥ፣ አያትሽ ያንን የበግ ጠጉር ባናውን ለልጆቹ አልብሶ እሱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዷ በግ ትወድቃለች፣ በጭራዋ ጎትቼ አነሣታለሁ፣ ሌላዋ ትወድቃለች። ጦም ነው፣ በሶዬን ልበጠብጥ ስል በግ አፍንጫዋን ከተተችበት። አያትሽ ያን ጊዜ ምን ቢለኝ ደግ ነው? "በአውቶቡስ ቢሆን ይሄ ሁሉ አገር ይታይ ነበር?" አለኝ! ሰው አይገደልም ይባላል እንጂ!

ረቡዕ ፀሐይ ስትጠልቅ አዲስ አበባ በግ ተራ ደረስን፣ በጎቹን አወረድን፣ በየእግራቸው አሰርን። እኔ ነጠላዬን አራግፌ "በሉ እንሂድ" ስል ከፈለኝ አያትሽን ትከሻውን ይዞ፣ "አያ እሸቴ፣ መኪናውን ላቁምና መጣሁ፣ እስክመለስ የእግዜር አደራ!" አለው። አደራ! ያቺን ቃል አያትሽ ላይ ከጣልሽ ጨረስሽው በቃ፣ ከጣሉበት አይነቃነቅም። ሰውየው ሄደ። አልመጣም። በጎቹ መካከል ኩርምት ብለን አደርን። ነጋ፣ ሐሙስ ሆነ፣ አሁንም የለም።

ታዲያ ገዢው ይመጣል፣ የበጉን ወገብ ይጨብጣል፣ ላቱን ይመዝናል። አንዲት ጥላ የያዘች ሴት፣ "እናት፣ ይሄ ሙክት ስንት ነው?" አለችኝ።

"አይሸጥም።"

"ያኛውስ?"

"እሱም አይሸጥም።"

"ታዲያ በግ ተራ ምን ትሠራላችሁ?"

ምን ልበላት? ክርስትና ላነሣ መጥቼ ነው ልበላት? ሙሉ፣ እናትሽ፣ ጉልበቴን ይዛ፣ "እማ፣ አንበሳው የቱ ጋ ነው?" ትላለች፣ ብርቄ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ከጎናችን በግ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አዘነልን መሰል፣ "ከፈለኝን ነው የምትጠብቁት? እሱማ ሁለተኛውን ጭነት ሊያመጣ መንዝ ተመልሷል። ጠባቂ አይቀጥርም እኮ፣ ዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ገበሬ ጭኖ እንዲህ ገትሮት ይሄዳል። አምና አንድ መነኩሴ ነበሩ፣ ሦስት ቀን ቆሙ" አለን። መነኩሴ! ከመነኩሴ እንኳ አይመለስም ልጄ!

ዐርብ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁና አያትሽን፣ "እሸቴ፣ ልጅቱ አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን እየተወሰደች ነው፣ ተነሥ" አልኩት።

"የሰው ከብት ጥዬ?"

"ታዲያ እህቴን ልትጥል ነው?"

"አደራ ነው በለጡ። አንድ በግ ቢጠፋ የመንዝ ሰው ሌባ ነው ይባላል። አንቺ ሂጂ።"

"እኔ አገሩን አላውቅ፣ ሁለት ልጅ ይዤ! ነው ወይስ ልጆቹንም አደራ ልስጥህ?"

 ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ እውነቴን ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ነው አእምሮዬ የበራልኝ። "ተው እንጂ! አደራ ማለት መጠበቅ ነው፣ አትነቃነቅ ማለት ነው እንዴ? ይዘነው እንሂድ!" አልኩና የበጎቹን እግር ፈታሁ። ከስንቄ ጨው ዘግኜ ያንን ቀንዳሙን ሙክት አስላስኩት፣ እጄን እያሸተተ ተከተለኝ፣ ሌሎቹ ያው በግ አይደሉ፣ እሱን ተከተሉ። እኔ ከፊት፣ ልጆቹ ከጎንና ከጎን፣ አያትሽ ዱላውን ይዞ ከኋላ፣ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ሠላሳ ሁለት በግ! መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል። ትራፊኩ እጁን ዘርግቶ፣ "ቁሙ! ይሄ ሁሉ በግ ወዴት ነው?" አለ።

"ለክርስትና ነው ጌታዬ" አልኩት።

"ሠላሳ በግ? የማን ልጅ ብትሆን ነው?" አለና መኪናውን ሁሉ አቁሞ አሳለፈን።

ልጅቱ የምትጠመቅባት ኪዳነ ምሕረት የት ናት ብለን ስንጠይቅ አንዱ ላይ ይለናል፣ አንዱ ታች ይለናል፣ በኋላ አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች እናት እስከ በሩ አደረሰችን። ብገባ አስካለ ክርስትና ቤቱ ደጃፍ ቆማ ታለቅሳለች፣ ልጅቱን የቤት አከራያቸው ሴትዮ ታቅፋታለች፣ መምሬ "ከዚህ በላይ አልጠብቅም" እያሉ ነው። "ቆዩ መምሬ! ደርሻለሁ!" አልኩ። አከራይዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አይታኝ፣ "ይህቺ? በግ በግ ትሸታለች እኮ!" አለች። መምሬ ግን፣ "ጌታስ የተወለደው የት ኖሯል? ስጫት ልጅቱን" አሏት። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው መለሱልኝ።

ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙረው "እክሕደከ ሰይጣን በይ" ሲሉኝ አልኩ፣ ሰይጣንን ካድኩ፣ በልቤ ግን ከፈለኝንም አብሬ ካድኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ውኃው ሲነካት እንዴት እንደጮኸች! ወለተ ኪዳን ተባለች።

ስወጣ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ከፈለኝ! ያ የበግ ተራው ሽማግሌ ነው የሄድንበትን የጠቆመው። ፖሊስ አስከትሎ፣ "ሌቦች! በጎቼን ሰርቀው!" ይላል። አያትሽ በዱላው በጎቹን ወዳስጠጋበት የግንቡ ጥግ እያሳየ፣ "ቁጠር" አለው። ቆጠረ። ሠላሳ ሁለት። አላመነም፣ ደግሞ ቆጠረ። ሠላሳ ሁለት። ፖሊሱ ፊቱን አዙሮ ይሥቃል። ታዲያ ሰው አያፍርም ልጄ? ከፈለኝ እጁን ኪሱ ከተተና፣ "በል አያ እሸቴ፣ በሉ ወደ በግ ተራ መልሱልኝ" አለ! አያትሽ ደግሞ ዱላውን ሊያነሣ! እኔ መካከላቸው ገባሁ። እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" ነበር የምለው፣ ያን ጊዜ ቀረ።

"ስማ አንተ!" አልኩት። "የእግዜርን ስም ጠርተህ አደራ ትላለህ፣ ባለአደራውን ሁለት ቀን ብርድ ላይ ትገትራለህ፣ ይባስ ብለህ ሌባ ትላለህ! አደራው ይኸው፣ በሰው ፊት ቆጥረህ ተቀበልክ። ከእንግዲህ እግር አለህ፣ ንዳው!" ከደጀ ሰላሙ ሕዝብ "ይንዳው!" የማይል አልነበረም። ካፖርቱን ሰብስቦ ሲነዳ፣ ያ ሙክት እንደሆን ከበሩ አልወጣም ብሎ፣ እሱ ቀንዱን ይዞ ሲጎትተው ብታዪ!

ገናን አስካለ ቤት ዋልን፣ አንበሳውን ግን አላየነውም፣ የቀረን ቀን ልብስ በማጠብ አለቀ። ስንመለስ በአውቶቡስ ነው፣ አያትሽ እስከ ዘመሮ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

እሸቴ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ገብርኤል ነው የተቀበረው። አስካለ ከወለተ ኪዳን ሌላ አልወለደችም፣ ባሏ ሞቶባት ከልጇ ጋራ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ወለተ ኪዳን አስተማሪ ናት፣ ሁለት ልጅ አላት፣ ስትደውል "እናቴ" ነው የምትለኝ። ብርቄ ዐረብ አገር ሄዳ ተመልሳ ራቤል ከተማ ሱቅ ከፈተች፣ እናትሽን ታውቂያታለሽ። ከፈለኝ ሁለተኛ መኪና ገዝቶ ገደል ገባበት፣ ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን፣ እሱ ዓለም ከተማ ልጁ ዘንድ ይጦራል። አምና ለተዝካር ዘመሮ መጥቶ አገኘኝ። "በለጡ፣ ረሳሽኝ እንዴ?" አለኝ።

"አልረሳሁህም" አልኩት፣ መንገዴን ቀጠልኩ።