በስተደቡብ የታሰረ ቀይ ክር

«ነፋሱ ዛሬ አዘነልን አይደል፣ ሚስ ኦሌታ? ትናንት እኮ የቆሻሻ በርሜላችንን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሲያንከባልለው ነበር። ዛሬ ደግሞ ይኸው… ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ሻይዎ ላይ በረዶ ልጨምርልዎ? ብርጭቆውን ያምጡት እስቲ።»

ሬና በረዶውን ጨመረችና ብርጭቆውን ለአሮጊቷ ጎረቤቷ መለሰችላቸው። ሁለቱ የተቀመጡት በመኪና መጠለያው ጥላ ሥር፣ ከአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎብኚዎች ወለሉን እንዳያቆሽሹ ጫማቸው ላይ የሚያጠልቁት የወረቀት ሽፋን በቅርጫት ተቀምጧል። የሚያዝያ ቅዳሜ ነበር፤ በካሊፎርኒያ በረሃ ያለችው የዩካ ቫሊ ከተማ ሰዎች የድሮ ቤቶቻቸውን ለጎብኚ የሚከፍቱበት ቀን። የሬናና የባሏ የዌስሊ ቤት በዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ሲገዙት አሥራ አንድ ዓመት ሰው ያልኖረበት፣ ግድግዳው ውስጥ አይጥ የተራባበት፣ መስታወቱ በአሸዋ የታወረ ቤት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጃቸው ጠገኑት። ከጠዋት ጀምሮ ከስድሳ በላይ ሰው ገብቶ ወጥቷል፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ነው የወጣው። ሬና ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛችም፤ ነገር ግን እግሯ መሬት የሚነካ አይመስላትም፣ ሳቅ ያለ ምክንያት ጉሮሮዋ ላይ እየመጣ ይተናነቃታል።

ከኋላቸው ቤቱ ከተሠራበት ከ1958 ጀምሮ የቆመው ባለቀዳዳ የብሎኬት ግድግዳ አለ። ነፋስ ያሳልፋል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ድምፅ ግን አያስቀርም። ከግድግዳው ወዲያ፣ ዋናው በር ላይ፣ የዌስሊ ታላቅ እህት ደረቷ ላይ ካርድ ለጥፋ እንግዳ ትቀበላለች። «ቅዳሜና እሁድን ላግዛችሁ» ብላ ከመጣች አሥራ አራት ወሯ ነው፤ የእንግዳ ክፍሉን ይዛለች። ዛሬ ቁርስ ላይ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች፣ ፍሬዝኖ ከተማ ያለውን የኪራይ ቤቷን እንደለቀቀችና ከእንግዲህ እዚሁ እንደምትኖር ተናገረች። ዌስሊ የቡና ኩባያው ውስጥ አቀርቅሮ ቀረ። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ለእሷ እምቢ የሚል ምላስ አልተፈጠረለትም። ስለ ማክሰኞው ጉዳይ ሊነግራት ለሬና ቃል ከገባም ሦስት ሳምንት አልፏል።

ሬና ድምፅ በዚያ ግድግዳ በየት በኩል እንደሚያልፍ ታውቃለች። ወንበሯን ወደ ሚስ ኦሌታ አዞረች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች።

«እኔ የምለው ሚስ ኦሌታ፣ አንዳንድ ሰው ለእርዳታ ብቻ የተፈጠረ አይመስልዎትም? ይጥሩት አይጥሩት ይመጣል። እርስዎ በእርስዎ ዘመን እንግዳ ስንት ቀን ይቆይ ነበር? ሦስት ቀን? በዛ ከተባለ ሳምንት? አይ… እኔ የማውቃት አንዲት ሴት አለች። የት እንዳለች አልነግርዎትም፣ ሰው ማማት አልወድም። ልቧ ከመስፋቱ የተነሣ ቀን አትቆጥርም። ሻንጣዋን የፈታችው ያለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ሰው በሰው ቤት እንደቤቱ ሲሆን ማየት ደስ አይልም? ወንበሩን ሳይቀር ትመርጣለች እኮ። ባለቤቱ መጥቶ ቆሞ ቢያያት እንኳ አትደነግጥም፤ ‹ምነው ቆምክ፣ ተቀመጥ እንጂ› ትለዋለች። እንግዳ ተቀባይ ናት።»

ከግድግዳው ወዲያ የእህትየው ድምፅ ለጎብኚዎች ሲያብራራ ይሰማል፤ ያን አሮጌ ምንጣፍ ገልጣ ከሥሩ ተራዞውን፣ ያን የተወለወለ የጠጠር ወለል፣ እንዴት እንዳገኘችው፣ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰች። ሚስ ኦሌታ ጆሯቸው ገና ደህና ነው። ቅንድባቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ልክ ነው፣ ልክ ነው። ይኸው ሰው እየተማረ ይኖራል። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ያን ምንጣፍ በጉልበቴ ተንበርክኬ በካራ የቀደድኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግራ ገባኝ… ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠባሳ እንግዲህ የማን እንደሆነ ሐኪም ላሳየው ይሆን? ሙጫውን ስፍቅም አንድ ሰው አጠገቤ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ‹እዚያ ጋ ቀርቶሻል› ሲለኝ የነበረ ይመስለኛል። ያም ሥራ ነው፣ አትሳቁ ሚስ ኦሌታ። ዓይን ደግሞ አይደክምም?»

ኦሌታ ሳቃቸውን በሻይ ብርጭቆው ከለሉት። በዚህ መካከል ሰፋፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ሴቶች መጡና ስለ ሮዝ መታጠቢያ ቤቱ ጠየቁ። ሬና የጫማ ሽፋኑን ሰጠቻቸው፣ ደረጃው ዝቅ ስለሚል እንዲጠነቀቁ ነገረቻቸው፣ እስኪገቡም ፈገግ ብላ ጠበቀቻቸው።

«አዩ? ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሮዙ ነው። ከከተማ ሦስት ሰዓት ነድተው የሚመጡት ያንን የሮዝ ሴራሚክ ለማየት ነው፤ ዛሬ እንደዚያ ዓይነት የሚሠራ የለማ። ግን ይኼንን ሁሉም ሰው በምን ያውቃል? የማውቃት ሴት ንጽሕና ትወዳለች፣ እንደ ንጽሕና የምትወደው ነገር የለም። እኔና ዌስሊ አንድ ሐሙስ ሥራ ውለን ስንመጣ… ነጭ። ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ፣ ሁለት ጊዜ የተቀባ። ‹አበራሁላችሁ› አለችን። ዌስሊ ምን አለ መሰልዎት? ‹አመሰግናለሁ› አለ። እኔም አመሰገንኩ። ምን ልበል? ሰው ገንዘብ ከፍሎ የማያገኘውን ትዕግሥት እሷ በነፃ አስተማረችኝ እኮ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በምላጭ ያንን ቀለም አንድ በአንድ ስፍቅ፣ ዘጠኝ ቀን ከጌታ ጋር ብቻዬን የማወራበት ጊዜ አገኘሁ። ብጾም እንኳ እንደዚያ አልጸልይም ነበር። ምን ብዬ እንደጸለይኩ ግን አይጠይቁኝ… ያ በእኔና በእሱ መካከል ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ቁልቁለት እንደሚሮጥ ሰው ነበረች፤ ልቁም ብትል እግሯ የሚታዘዝላት አይመስልም። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ ቀነስ ብሏል። ሬና የራሷን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ቁልቋሉስ እንዴት ነው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉኝ።»

ሚስ ኦሌታ ወደ ግቢው አሻግረው አዩ። ከፀሐይ እንዲከልለው ነጭ ሻሽ የተጣለበት፣ በርሜል የሚያህል ቁልቋል አጥሩ ጥግ ቆሟል። ባላቸው ቨርጂል በ1961 ለዚህ ቤት የመጀመሪያ ባለቤቶች የጎረቤት ስጦታ ብለው የተከሉት ነው። ባለፈው ግንቦት መጠለያው ሲሰፋ ቦታ መቀየር ነበረበት። አሁን ባንድ ወገኑ ቢጫ ሆኗል፣ መሐሉ ደግሞ ነጥቶ እንደ ቡሽ ደርቋል።

«መቼም ያን ቀን አይረሱትም። ከሹራብ መሥሪያዎ ቀይ ክር ይዘው መጡ፤ በስተደቡብ በኩል ያለው እሾህ ላይ አሰሩት። ሁላችንንም ሰብስበው ነገሩን፤ ይኼ ወገኑ ስድሳ ዓመት ፀሐይ ችሏል፣ ቆዳው ጠንክሯል፤ ያኛው ወገን ግን የሕፃን ቆዳ ነው፣ ክሩን ዳግም ወደ ደቡብ ካላዞራችሁት ይቃጠላል አሉ። ማን ነበር አጠገብዎ ቆሞ ራሱን የሚነቀንቀው? ማን ነበር ‹ይገባኛል፣ ይገባኛል› የሚለው? እኔ ስም አልጠራም። እንግዲህ ተነቀለና ሥሩ እስኪደርቅ ሳምንት ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት ውስጥ አንድ ሥርዓት የሚወድ ሰው በዚያ ሲያልፍ ቀይ ክር ያያል… ‹የገና ጌጥ እስከ ግንቦት እዚህ ምን ይሠራል?› ይላል። ይቆርጠዋል። መቁረጥ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ በሥርዓት ጠቅልሎ የገና ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው፣ ላዩ ላይም ጻፈበት። እንደዚህ ያለ ጥንቃቄ አይተው ያውቃሉ? ሠራተኞቹ ሊተክሉት ሲመጡ እኔ አልነበርኩም፤ እርስዎም ዶክተር ጋ ሄደው ነበር። እሷ ግን ነበረች፣ ምን ጊዜም አለች። ‹ቆንጆ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጉልኝ› አለቻቸው። ወደ መንገድ… ማለትም ወደ ሰሜን። ምን ታድርግ? ለእሷ የነገር ሁሉ ቆንጆው ወገን አላፊ አግዳሚ የሚያየው ነው።»

ሚስ ኦሌታ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ክሩ በነፋስ ተወስዷል ተብሎ ነበር የተነገራቸው። አሁን አልሳቁም፤ ዓይናቸው ቁልቋሉ ላይ ቀረ። ሬና ይህን ስታይ አሮጊቷን እንደ መዶሻ ይዛ ሌላ ሰው ላይ እያሳረፈቻቸው እንደሆነ ገባት። እጃቸውን ያዘች። ነገር ግን ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ እንዳልነበረ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ያ ጸጥታ ደግሞ እህትየው ከመጣችበት ቀን አንሥቶ ስትመኘው የኖረችው ነው። ሳቁ ተመልሶ መጣ።

«ሽማግሌው ቁልቋል ይተርፋል፣ አይዘኑ። ሻሹ እስከ መስከረም ይቆይለታል፣ ቆዳው ይለምደዋል። እኔስ አልለመድኩም? ይልቅ የሚያስደስት ነገር ልንገርዎት… ማክሰኞ እንግዳ አለብን። ከካውንቲው አስተዳደር የሕፃናት ክፍል አንዲት ሴትዮ ትመጣለች። ያቺ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ፎቶዋን ያሳየሁዎት፣ የፊት ጥርሷ የወለቀው፤ እኛ ጋ እንድታድግ ሊፈቅዱልን ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሴትዮዋ ክፍሏን ማየት አለባት። የራሷ ክፍል፣ የራሷ አልጋ፣ የሚከፈት መስኮት፣ ባዶ ቁም ሣጥን። ሕጉ ነው፤ ሶፋ ላይ አይሆንም፣ ከሌላ ሰው ጋርም አይሆንም። ይኼ ቤት ደግሞ ስንት መኝታ እንዳለው ያውቁታል፣ ሲሠራ አይተዋል። ሁለት። እኔና ዌስሊ የድሮውን እንደነበር እንመልሰው ብለን አንድ ክፍል እንኳ አልጨመርንም። አሁን ሳስበው ለሰባት ሰው የሚሆን ብንሠራ ኖሮ… ግን ማን ያውቃል፣ ስምንተኛ ይመጣ ይሆናል።»

ወንበሩ ሥር የገባውን የጫማ ሽፋን ጎንበስ ብላ አነሣችና ቅርጫቱ ውስጥ መለሰችው።

«ዌስሊ ለአንድ ሰው ሊነግር ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አፉን ይከፍትና ዳቦ ይጎርስበታል። አልፈርድበትም። ላሳደገችው ሰው ‹ክፍሉን ልቀቂ› የሚል አፍ ማን አለው? እኔም የለኝም። እኔ ለማንም ምንም አላልኩም፣ እርስዎ ምስክሬ ነዎት። ከእርስዎ ጋር ሻይ እየጠጣሁ ስለ ነፋሱ ነው የማወራው።»

ከግድግዳው ጥግ የወረቀት ጫማ ሽፋን ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። የዌስሊ እህት ብቅ ብላ ቆመች። ደረቷ ላይ ያለው ካርድ ተጣሞ ተንጠልጥሏል፤ እጇ ውስጥ የቤቱን ታሪክ የያዘው ወረቀት ተጨምድዷል። ከኋላዋ ባለባርኔጣዎቹ ሴቶች ወደ ሰማይ፣ ወደ መሬት፣ ወዳገኙት ሁሉ ያያሉ። ሬና ዞራ አላየቻትም። የሚስ ኦሌታን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ እየበራ፣ ድምፅዋን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው ለስለስ አደረገችው።

«ብቻ እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት፣ ሚስ ኦሌታ፣ ያቺን የማውቃትን ሴት። አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኬ ዘወትር እለምንላታለሁ፣ አልዋሽዎትም። የራሷን ቤት ይስጣት፤ ፀሐይ የሚገባበት፣ ቁልፉ በእጇ ያለ። ጤና ይስጣት፣ ረጅም ዕድሜ ይስጣት፣ እስከ መቶ ያኑራት። በዚያ ሁሉ ዕድሜዋም አንድ ቀን እንኳ ብቻዋን አይተዋት። ልክ እንደ እሷ ያለች ሴት ይላክላት… ከእሷ የማትሻል፣ ከእሷ የማታንስ፣ ልክ እሷን የመሰለች። ሳትጠራት ትምጣላት፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስም ከጎኗ አትለይባት። አሜን ይበሉ እንጂ።»